ቤታችሁን ለዲጂታል ቴሌቪዥን እንዴት ታዘጋጃላችሁ? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪዎች

አዲስ ቴሌቪዥን ለመግዛት አትቸኩሉ። የአናሎግ ስርጭት ሊቀር ነው ሲባል ብዙ ሰው አሮጌው ቴሌቪዥን አለቀለት ብሎ ያስባል። በአብዛኛው ቤት ግን እሱ ምንም አይሆንም። የሚለወጠው ከማሰራጫ ማማ በአየር የሚመጣው ሲግናል ነው፤ ከአሮጌው አናሎግ ወደ ዲጂታል ይሻገራል። አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 ጄኔቫ ላይ ተስማምተው ለዚህ ሽግግር እስከ ሰኔ 2015 (እ.ኤ.አ.) ቀነ ገደብ ቆርጠው ነበር። እኛን ጨምሮ ብዙዎች ዘግይተዋል።

መጀመሪያ ወጥታችሁ ጣሪያችሁን እዩ። የምታዩት በዲሽ ከሆነ ድሮውንም ዲጂታል ናችሁ፤ ሽግግሩ አይነካችሁም። ባሕር ዳር ላይ የኢትዮሳት ዲሽ ፊቱን ወደ ጢስ ዓባይ በኩል አዙሮ ወደ ሰማይ ቀና ይላል። የናይልሳት ዲሽ ደግሞ ወደ ምዕራብ ያያል። ጣሪያችሁ ላይ ያለው ተራ አንቴና ብቻ ከሆነ ግን ቀጥሉ።

ቀጥሎ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ወይም ካርቶኑን አንብቡ። ኢትዮጵያ የመረጠችው የስርጭት ደረጃ ዲቪቢ ቲ2 (DVB-T2) ይባላል። የምትፈልጉት "ቲ" የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደልና ከጎኗ ያለችውን 2 ቁጥር ነው። "ቲ" ብቻውን አይበቃም። "ኤስ2" ደግሞ ለሳተላይት ነው። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ፍላት ስለሆነ ወይም ስማርት ስለተባለ ብቻ ቲ2 አለው ማለት አይደለም። ካለው ሌላ ዕቃ አትግዙ፤ አንቴናውን ሰክታችሁ ቻናል መፈለግ ብቻ ነው።

ከሌለው ሴት ቶፕ ቦክስ፣ ማለትም የቲ2 ሲግናል ተቀብሎ ለቴሌቪዥኑ የሚያቀብል ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል። ቤት የተቀመጠው ተራ የዲሽ ሪሲቨር ይህን ሥራ አይሠራም። ከመግዛታችሁ በፊት የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሡና ለሻጩ አሳዩት። ኤችዲኤምአይ ካለ በሱ ይገናኛል። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳዎች ካሉ በሦስቱ ገመድ ይሆናል። የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ከሆነ በአንቴና ገመድ በኩል ምስል የሚያወጣ ቦክስ ጠይቁ። ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

አንቴናው ላይ ጊዜ ስጡ። ለዩኤችኤፍ (UHF)፣ ማለትም ዲጂታሉ ለሚመጣበት የሞገድ ክልል የሚሆነው ዘንጎቹ አጫጭር የሆኑት ነው። የጣና እርጥበት ብረት ይበላል፤ የዛገውን መገናኛ ቆርጣችሁ በአዲስ ተኩ፣ ውኃ እንዳይገባበትም በፕላስተር ጠቅልሉ። ገመዱ የተቀጣጠለ ከሆነ አንድ ወጥ ገመድ ይሻላል። ዘጌ ውስጥ ወይም ትልልቅ ዛፎች ሥር ያላችሁ አንቴናውን ከቅጠሉ በላይ ማውጣት ይኖርባችኋል። ይህን ሁሉ ክረምት ሳይገባ ጨርሱ፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣት አደገኛ ነው። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ የመብራት ሽቦ በማይነካበት ቦታ ይተከል።

ከዚያ በሪሞቱ ሜኑ ገብታችሁ ቻናሎቹን በራሱ እንዲፈልግ እዘዙት። ዲጂታል እንደ አናሎግ ጭጋጋማ ምስል አያሳይም። ወይ ጥርት ይላል፣ ወይ ካሬ ካሬ እየሆነ ይቆራረጣል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ ምስል አልመጣም ብላችሁ ቦክሱ ተበላሽቷል አትበሉ። ሜኑው ላይ የሲግናል ጥራት የሚያሳየውን መስመር ክፈቱ። አንድ ሰው ውጭ አንቴናውን በጣም ቀስ አድርጎ ያዙር፣ ሌላው ውስጥ ሆኖ መስመሩን እያየ በስልክ ይንገረው። ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ በደንብ የሚሠራ የጎረቤት አንቴና ወዴት እንደዞረ እዩ። መስመሩ ከፍ ያለበት ቦታ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩትና ፍለጋውን ድገሙ።

ነጎድጓድ ሲጀምር ሶኬቱንም የአንቴናውን ገመድም ንቀሉ።

ቦክስ ከገዛችሁና ቤት ውስጥ እናት ወይም አያት ካሉ ከአሁን ጀምሮ ሁለት ሪሞት እንደሚኖር አሳዩአቸው። የቴሌቪዥኑ ለማብራትና ለማጥፋት፣ የቦክሱ ቻናል ለመቀየር ነው። የቦክሱ ሪሞት ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉበትና ራሳቸው ደጋግመው እንዲሞክሩት አድርጉ።