አዲስ አበባን በጆሮ መልመጃ

አዲስ አበባ ገና የገባህ ከሆነ ካርታ ምናምን ተወውና ጆሮህን ክፈት፣ እዚህ ከተማ ሰውም አውሬም መጀመሪያ ድምፁን ነው የሚያሰማህ፣ ማን እንደሆነ ለይተህ ካወቅክ ግማሹ ጣጣ አለቀ።

ጠዋት ከታክሲው ወያላ ትጀምራለህ። "ሜክሲኮ ሜክሲኮ፣ ሁለት ሰው የቀረው!" ሲል ሮጠህ ትገባለህ፣ ውስጥ ያላችሁት ግን አንተና ሹፌሩ ናችሁ። አትናደድ፣ ቁጥሩን እንደ ሰላምታ ውሰደው። የኋላ ወንበር ጥግ አትግባ፣ "ወራጅ አለ!" ብለህ ጉልበት ተራምደህ እስክትወጣ ሰፈርህ አልፏል። ዋናው ጨዋታ ግን መልስ ላይ ነው፣ ድፍን ብር ከሰጠኸው ይረሳሃል፣ ቀደም ብለህ "ወንድም፣ መልስ" በለው (ወያላ ብለህ ከጠራኸው መልሱን እርሳው፣ ረዳት ነው)፣ ያኔ ዞር ብሎ አጠገብህ ያለችውን የማታውቃትን ልጅ ያይና አንድ ድፍን ብር ዘርግቶ "የሁለታችሁ ነው፣ ተካፈሉ" ብሎ ፊቱን ያዞራል። በቃ አብራችሁ ወርዳችሁ ከሱቅ ሱቅ ዝርዝር ፍለጋ ነው። በዚህ ተጋብተዋል የሚባሉ አሉ፣ እኔ ግን ማስቲካ ገዝቶ ከመለያየት ያለፈ አላየሁም። ለማንኛውም ዝርዝር ይዘህ ውጣ።

ቅዳሜና እሁድ ከእንቅልፍህ የሚያነሳህ "ቆራሌው!" ነው፣ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጫማ፣ የተሰበረ ሬዲዮ ይገዛል። ዋጋ ቀድመህ አትጥራ። እቃህን ገልበጥ አድርጎ አይቶ የሰደብከው ያህል ከንፈሩን ይመጥና ጆንያውን አንስቶ ይሄዳል፣ ይሂድ፣ አጥሩ ጋ አንዴ ጮሆ ይመለሳል። እናትህ ቤት ከሌለች ግን ምንም አትሽጥ፣ አሮጌ ያልከው ጀሪካን የጠላ ሊሆን ይችላል።

ከልኳንዳ ስትወጣ ደሞ ሥጋውን በፌስታል እያወዛወዝክ አትሂድ፣ አሞራ አለ። ሌላ የሚባል ነገር የለውም።

ማታ ውሾቹ ተራ ይረከባሉ። ከከበቡህ አትሩጥ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በል፣ ድንጋይ ባይኖርም የአዲስ አበባ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል። ጩኸታቸው ድንገት ጸጥ ካለ ግን አያ ጅቦ በአካባቢው ነው ማለት ነው፣ ቀን ቀን እንጦጦ ጫካና ወንዝ ዳር ጥሻ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ማታ ለቆሻሻ ይወርዳል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር እሱ እዚሁ ነበር፣ ስለዚህ ደባሎቹ እኛ ነን፣ መንገድ ልቀቅለት፣ ብቻህን ጨለማ ውስጥ አትሂድ፣ ቆሻሻህንም በር ላይ አታሳድር።

በጣም የሚያስፈራው ግን የማይጮኸው ነው፣ ደላላው። ጠጋ ብሎ በለሆሳስ "ቤት ነው?" ይልሃል። "ከአስፋልት ትንሽ ገባ ይላል" ካለ ምሳህን በልተህ ሂድ። "ቶሎ ወስን፣ ሌላ ሰው ሊከፍል ነው" ሲልህ ዝም በለውና ቀጥ ብለህ ቧንቧውን ክፈት፣ ሹ... ብሎ አየር ከተፋ "ዛሬ ፈረቃው አይደለም" ይላል፣ እሱን ትተህ ግቢ ውስጥ ልብስ የምታጥበዋን ሴትዮ "እናቴ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?" በላት፣ መጀመሪያ ደላላውን አይታ ከሳቀች ሌላ ቤት ፈልግ።