ሴንሰሩ 85 ዲግሪ ሲል፦ የኑክሊዮ ዲበገር አያያዝ ለጀማሪ

ጎንደር ፒያሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የማምነው ቴስተሬን ነው። ዘንድሮ አዘዞ ያለችው ታናሽ እህቴ ለጫጩት መፈልፈያዋ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሥራልኝ ብላኝ ኑክሊዮ ኤፍ401አርኢ የሚባል በፕሮግራም የሚሠራ ቦርድ ገዛሁ። ሠርቼ ሰጠኋት። በሳምንቱ ደወለች፦ «ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር 85 ይልና ማሞቂያው አልነሳ ይላል። እንቁላሉ ሊቀቀል ነው እንዴ?»

ቴስተር እዚህ ላይ አይረዳም። ሴንሰሩ ላይ 3.3 ቮልት አለ፣ ሽቦው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

ፕሮግራሙን መሃል ላይ አቁሞ ውስጡን የሚያሳየው መሣሪያ ዲበገር ይባላል፤ ለብቻ መግዛት አያስፈልግም። ዩኤስቢው የሚሰካበት የቦርዱ ጫፍ ራሱ ዲበገር ነው፣ ኤስቲ-ሊንክ ይሉታል። መሰኪያው ሚኒ ዩኤስቢ ስለሆነ የድሮ ካሜራ ኬብል ፈልጉ። እኔ ከመሳቢያ ያወጣሁት ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኖሮ ቦርዱ ላይ መብራት በራ፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አላየም። ግማሽ ቀን ድራይቨር ስጭንና ሳጠፋ ዋልኩ። መጀመሪያ ኬብል ቀይሩ።

ፕሮግራሙን የምንጽፍበትና የምንፈትሽበት የኮምፒውተር ሶፍትዌር፣ ኤስቲኤም32ኪዩብ አይዲኢ፣ በነጻ ይገኛል። ቦርዱን ሰክታችሁ የጥንዚዛዋን ምልክት ስትጫኑ ፕሮግራሙ ሜይን ላይ፣ ማለትም ዋናው ፈንክሽን መጀመሪያ ላይ፣ ደርሶ ይቆማል። ኤፍ6 አንድ መስመር ያራምዳል፣ ኤፍ5 ፈንክሽኑ ውስጥ ያስገባል፣ ኤፍ8 ይለቀዋል። አረንጓዴው ኤልኢዲ ኤፍ6 በተጫንኩ ቁጥር ሲበራና ሲጠፋ አይቼ የጎረቤት ሱቅ ልጆችን ጠርቻቸዋለሁ። ለሠላሳ ዓመት ጠጋኝ ይህ ተአምር ነው። ኦፕቲማይዜሽኑን (ኮዱን ለፍጥነት ብሎ የሚያሻሽለውን) ማጥፋት እንዳትረሱ፤ አለዚያ መስመሮቹ ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ።

አሁን ወደ 85። ሴንሰሩ ዲኤስ18ቢ20 ነው፤ በአንድ ሽቦ ቢት በቢት (ቢት አንዲት 0 ወይም 1 ናት) ይነበባል፣ ለአንዱ ቢት ቢያንስ 60 ማይክሮሰከንድ ይሰጠዋል። እኔ ጅሉ ብሬክፖይንቴን፣ ፕሮግራሙ እንዲቆም የማደርግበትን ምልክት፣ ቢቱ የሚነበብበት መስመር ላይ ተከልኩ። ያኔ 85ም ጠፋ፣ የመጣው የማይረባ ቁጥር ነው። ቺፑን ዲበገሩ ቢያቆመውም ሴንሰሩን የሚያቆመው የለም። ቁጥሩን ወደ ኮምፒውተር የሚጽፈውን ፕሪንትኤፍ ልጨምር ብዬም ሞከርኩ፦ በሰከንድ 115200 ቢት ፍጥነት አንድ ፊደል ብቻ ወደ 87 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፣ ማለትም ከቢቱ ይበልጣል። የባሰ ተበላሸ።

ስለዚህ ብሬክፖይንቱን ሴንሰሩ የሚልካቸው ዘጠኙም ባይት ተነቦ ካለቀ በኋላ አድርጉት። ሳያቆሙ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ላይቭ ኤክስፕሬሽንስ የሚል መስኮት አለ፤ ፕሮግራሙ እየሮጠ ቁጥሩን ያሳያል። ቫርያብሉ ግን ግሎባል (ከፈንክሽን ውጭ የተጻፈ) መሆን አለበት፤ ለዚህ ስል ነው አንዱን ከፈንክሽን ያወጣሁት።

እዚያ መስኮት ላይ 1360 አየሁ። ሴንሰሩ አንዱን ዲግሪ 16 ቦታ ከፍሎ ስለሚቆጥር፣ ለ16 ሲካፈል 85 ነው። ይህ ሴንሰሩ ኃይል ሲያገኝ ምንም ሳይለካ ይዞት የሚነሳው ቁጥር ነው። በ12 ቢት ጥራት ለመለካት እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል። ብሬክፖይንቱን ወደ መጠበቂያው መስመር ባዛውረው የኔ ፕሮግራም የሚጠብቀው 75 ሚሊሰከንድ ሆኖ ተገኘ። አንዲት ዜሮ! መፈልፈያው የሚፈልገው 37.5 ነው፤ 85 ሲያይ የደህንነት ኮዱ ማሞቂያውን ይቆልፈዋል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር እንቁላሉ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነበር።

ዋችዶግ (ፕሮግራሙ ሲንጠለጠል ቦርዱን እንደገና የሚያስነሳ ሰዓት) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ብሬክፖይንት ላይ ቆማችሁ ስታስቡ እሱ መቁጠሩን ቀጥሎ ቦርዱን እንደገና ያስነሳዋል። በቺፑ የዲበግ ሬጅስተር (የማስተካከያ ቦታ) ውስጥ ፕሮግራሙ ሲቆም ዋችዶጉም አብሮ እንዲቆም የሚያደርግ ቢት አለ፤ እሱን አብሩ።

ትናንት አዘዞ ሄጄ አዲሱን ፕሮግራም ጫንኩላት። ፊቷ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ መልሼ አበራሁት፤ 36.9 አለ፣ ማሞቂያውም ተነሳ። ኬብሉን እዚሁ ተውልኝ አለችኝ፣ እምቢ አልኩ። ሌላ የለኝም።