ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በፊት በጥድፊያ ሲቀንሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቀዶ ጥገና ቀን የተቆረጠላቸውን ሰዎች አመጋገብ ማስተማር የዕለት ሥራዬ ነው። ብዙዎቹ ገና ሳይቀመጡ የሚጠይቁኝ "በቀሩኝ ቀናት ስንት ኪሎ ልቀንስ?" ብለው ነው። ጉጉታቸው ደስ ይለኛል፤ ጥያቄው ግን አቅጣጫ ያስታል። በእነዚያ የመጨረሻ ሳምንታት ከኪሎው ይልቅ የምንፈልገው ጉበታችሁ እንዲያንስ ነው።

የጉበት የግራ ክፍል ጨጓራ ላይ ተደርቦ ይገኛል። ስሊቭም (የጨጓራን አብዛኛውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት) ሆነ ጋስትሪክ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከታችኛው አንጀት ጋር ማገናኘት) በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ሲሠራ፣ ሐኪሙ የጨጓራውን ላይኛ ክፍል ለማየት ጉበቱን ወደ ላይ ገፍቶ መያዝ አለበት። ስብ የሞላው ጉበት ትልቅና ከባድ ነው፤ ሲነካም በቀላሉ ይደማል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ አንዳንዴ ሆድን በሰፊው ለመክፈት ይገደዳል፤ አንዳንዴም ጀምሮ ያቆምና ቀዶ ጥገናውን ለሌላ ጊዜ ያስተላልፋል። ካሎሪና ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ጉበት መጀመሪያ ያከማቸውን ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለውን፣ ይጠቀማል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ አብሮት ውኃው ይወጣል፤ ስቡም መቀነስ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ 4 ሳምንት፣ በቀን ከ800 እስከ 1,200 ካሎሪ የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

ከታዘዘው በታች መብላት

"800 ካሎሪ ጥሩ ከሆነ 300 ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው" የሚል ስሌት በየጊዜው ይገጥመኛል። ስሌቱ ልክ አይደለም። ሰውነት በቂ ፕሮቲን ካላገኘ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያፈርሳል። ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ቁስሉ እንዲድን፣ ከማደንዘዣ ሲነቃ በደንብ እንዲተነፍስና ቶሎ ተነሥቶ እንዲራመድ ጡንቻው ያስፈልገዋል። ስለዚህ ካሎሪው ሲወርድ ፕሮቲኑ አብሮ መውረድ የለበትም። ለብዙ ሰው በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታዘዛል፤ ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ልክ ግን ሐኪሙ የሚወስነው ነው። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ፣ ስኳር ያልገባበት እርጎ ወይም የታዘዘላችሁ የፕሮቲን መጠጥ በየምግብ ሰዓቱ ይኑር።

ለረጅም ጊዜ ምግብ የተወ፣ በተለይም የሚያስመልሰው ሰው ቫይታሚን ቢ1 ሊያልቅበት ይችላል፤ ይህ ደግሞ ነርቭንና አንጎልን ይጎዳል። በፍጥነት መቀነስ የሐሞት ጠጠርም ያመጣል። ከቀኝ ጎድናችሁ ሥር የሚያጣድፍ ሕመም ከጀመራችሁ "ርሃቡ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ቀን ሳይቆረጥላችሁ ይህን አመጋገብ ከወራት በፊት በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የተዘጋጀ ነው።

ውኃ አውጥቶ "ቀነስኩ" ማለት

ሳውና ውስጥ መቀቀል፣ ሆድን በፕላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥ፣ የሚያስቀምጥ ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢወርድም ጉበቱ እንደነበረ ነው። ተቅማጡና ሽንቱ ፖታሲየም ይዞ ስለሚወጣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። የውኃ እጥረት ኩላሊትን ይጎዳል፤ ለደም መርጋትም ያጋልጣል፤ የደም መርጋት ደግሞ በዚህ ቀዶ ጥገና በጣም ከምንፈራቸው ነገሮች አንዱ ነው። የፈሳሽ መጠን ገደብ ከሌለባችሁ በቀን ወደ 2 ሊትር ጠጡ። ሆድ ድርቀት ከመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ ምን እንደምትወስዱ እኛን ጠይቁን።

ምግቡን ቀንሶ መድኃኒቱን እንደነበረ መቀጠል

ስለዚህኛው ስጽፍ ትዕግሥት ያልቅብኛል። ሰው የሚበላውን በግማሽ፣ ከግማሽም በታች ያወርዳል፤ የስኳር መድኃኒቱን ግን በፊት በሚበላው ልክ መውሰዱን ይቀጥላል። ኢንሱሊን ምግባችሁ መቀነሱን አያውቅም፤ በደማችሁ ውስጥ ያለውን ስኳር ማውረዱን ይቀጥላል።

አንድ ጎልማሳ ትምህርት ላይ ተቀምጦ ሳለ ግንባሩን ላብ ቸፈፍ አለበት። የሸሚዙን ቁልፍ ሊከፍት ይሞክራል፤ ጣቱ አልታዘዝ አለው። ስሙን ስጠይቀው ቆይቶ ነው የመለሰልኝ። ስንለካው ስኳሩ ከ50 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ወርዷል። ጭማቂ ስንሰጠው እጄን ገፋና "አይ፣ አመጋገቤን ያበላሽብኛል" አለኝ። አንጎሉ ስኳር አጥቶ እየደከመ እንኳ የተጨነቀው ለሰጠነው ዝርዝር ነበር። ለምነን አጠጣነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ራሱ ተመለሰ። ያንን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር እቤቱ ብቻውን ሆኖ ወይም መኪና እየነዳ ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ስለዚህ አደራ! ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይም ግሊክላዛይድ የምትወስዱ ሁሉ አመጋገቡን ከመጀመራችሁ በፊት የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል አለበት። በራሳችሁ ማቆምም መፍትሔ አይደለም፤ ስኳሩ ከወዲያ ወዲህ ይዘላል። ከወትሮው አዘውትራችሁ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ወይም ካንቀጠቀጣችሁና ካላባችሁ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ለምሳሌ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ፣ ወዲያው ውሰዱ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ይህ አመጋገብ ማፍረስ አይባልም።

ኤምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የተባሉትን የስኳር መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ አደጋቸው ሌላ ነው። ካርቦሃይድሬት በጣም ሲቀንስ ከእነዚህ ጋር ተደርቦ ደምን አሲድ የሚያደርግ ኬቶአሲዶሲስ ሊከሰት ይችላል፤ መለኪያው ላይ ስኳሩ ያን ያህል ከፍ ሳይልም። ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ካያችሁ የስኳሩን ቁጥር አይታችሁ አትጽናኑ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መድኃኒቱ ከቀዶ ጥገናው ቢያንስ 3 ቀን ቀደም ብሎ መቆም ይኖርበታል፤ አንዳንድ ሐኪሞች አመጋገቡ ሲጀመር ያስቆማሉ። ቀኑን ሐኪማችሁ ይንገራችሁ።

የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ክብደትና ውኃ ሲወርድ ግፊቱ አብሮ ይወርድና ከአልጋ ስትነሱ ያዞራችኋል። ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ አመጋገብ ሲቀየር የደም ማቅጠኛው ልክ ስለሚዛባ ምርመራው መደጋገም አለበት። ለክብደት ወይም ለስኳር ሴማግሉታይድን የመሰለ መርፌ የምትወጉም ለማደንዘዣ ሐኪሙ መናገር አለባችሁ፤ መድኃኒቱ ጨጓራን ቶሎ እንዳይጸዳ ያደርጋል፤ ያልተጸዳ ጨጓራ ይዞ መደንዘዝ ደግሞ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዛችሁትንም ጭምር፣ ከነእሽጉ ይዛችሁ ኑ።

"ከእንግዲህ አልበላም" ብሎ የስንብት ግብዣ ማድረግ

አመጋገቡ ሊጀመር ሲል ሳምንቱን ሙሉ የሚወዱትን ሁሉ የሚበሉ አሉ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ምግብ ለብዙዎቹ መጽናኛቸው ነበር፣ ሊለዩት ሲሆን ያማል። ነገር ግን ጉበቱ እንደገና ይሞላል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናትም ይከብዳሉ። ስንብቱ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ከቡድኑ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላም የሚከተላችሁ ጉዳይ ነው።

ጭማቂ "ፈሳሽ ነው" ብሎ መጠጣት

ፈሳሽ ቢሆንም ስኳር ነው። ያው ካርቦሃይድሬት ጉበቱን ይሞላዋል። ስኳሩ ለወረደበት ሰው ካልሆነ በቀር ይቅር።

በሦስተኛው ቀን ተስፋ መቁረጥ

ራስ ምታት፣ ድካም፣ መነጫነጭ፣ የአፍ ሽታ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በኋላ ይቀላል። ሚዛኑ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፤ ከዚያ ሲዘገይ "አልሠራልኝም" ብላችሁ ምግቡን ይበልጥ አትቁረጡ። ጉበቱ ከሚያንሰው ብዙው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚያንስ ነው፤ ሚዛኑ ቢቆምም ሥራው እየተሠራ ነው። በዚህ ሰሞን አዲስ ከባድ ስፖርት አያስፈልግም፣ በእግር መራመድ ይበቃል።

ሲጋራ ቢያንስ ከ6 ሳምንት በፊት ይቁም፤ አልኮልም አይነካ። ለእንቅልፍ መታፈን የአየር ማሽን የታዘዘላችሁ "ትንሽ ቀንሻለሁ" ብላችሁ እንዳትተዉት።

ማፍረስን መደበቅ

አመጋገቡን አፍርሰው እንዳናውቅ የሚጠነቀቁ ሰዎች አሉ። እንቆጣቸዋለን ወይም ቀናቸውን እንሰርዛለን ብለው ይፈራሉ። አንዲት እናት ድግስ ላይ ምሽቱን ሙሉ በልታ በማግሥቱ ጠዋት ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለማካካስ ሁለት ቀን ምንም ላለመቅመስ ወስናለች። ኢንሱሊን እንደምትወጋ ስለማውቅ መጀመሪያ ያስለካኋት ስኳሯን ነው። ከዚያ ከቀጣዩ ምግብ ጀምራ ወደ ዝርዝሩ እንድትመለስ ነገርኳት፤ ለሐኪሟም አሳወቅን፤ በተቆረጠላት ቀን ተሠራላት። ስትደውሉ ምን እንደበላችሁ፣ መቼ እንደበላችሁና ዛሬ የትኛውን መድኃኒት እንደወሰዳችሁ ንገሩን፤ የሚቀጥለውን ከዚያ ተነሥተን አብረን እንወስናለን።