ማንም ሳይነካው የተቀየረ ቨርቹዋል ማሽን፦ ኦፕንስታክ ላይ ምክንያቱን እንዴት ማግኘትና ማስተካከል ይቻላል

ትናንት 8 ጊጋባይት ራም የነበረው ማሽን ዛሬ ሲነሳ 4 ይላል። የተጠየቀ ሁሉ «እኔ አልነካሁትም» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እውነቱን ነው። የነካው ሰው ከወራት በፊት ነክቶት ረስቶታል፣ ያውም መነካት በሌለበት ቦታ።

ኦፕንስታክ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድር የክላውድ ሶፍትዌር ነው። ኖቫ የሚባለው ክፍሉ የእያንዳንዱን ማሽን ልክ የሚያነበው ከራሱ ዳታቤዝ ነው። ማሽኑ በሚሠራበት ሆስት (ማሽኖቹን በተሸከመው ሰርቨር) ላይ የተቀመጠው የሊብቨርት (ሆስቱ ላይ ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም) ኤክስኤምኤል ፋይል ከዚያ የተቀዳ ግልባጭ ነው። አንድ አድሚን ሆስቱ ላይ ገብቶ ሊብቨርትን በቀጥታ በሚያዝዘው «ቪርሽ ኤዲት» ራሙን ከ4 ወደ 8 ቢያደርሰው ዳታቤዙ ወሬውን አይሰማም። ቀጥሎ ሶፍት ሪቡት (ማሽኑ በሥርዓት ተዘግቶ የሚነሳበት) ከተደረገ የታረመው ፋይል እንዳለ ስለሚነሳ ማሽኑ 8 ያገኛል፤ ሁሉም ተሳካ ብሎ ይሄዳል። ሃርድ ሪቡት (በኃይል ጠፍቶ የሚነሳበት) ሲመጣ ግን ኖቫ ፋይሉን ከዳታቤዙ እንደ አዲስ ይጽፈዋል፣ 8ቱም ይጠፋል። ስቶፕ አድርጎ ስታርት ማለትም በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው።

1. በመጀመሪያ ሪቡት አታድርጉ፤ ማስረጃው ይጠፋባችኋል። ሆስቱ ላይ ማሽኑ የሚታወቀው እናንተ ባወጣችሁለት ስም ሳይሆን «ኢንስታንስ» ከሚል ቃል ቀጥሎ 8 ቁጥርና ፊደል ባለበት ስም ነው። በአድሚን መብት «ኦፕንስታክ ሰርቨር ሾው» ስትሉ ታገኙታላችሁ። ከዚያ «ቪርሽ ዳምፕኤክስኤምኤል»ን ሁለት ጊዜ አዙና ውጤቱን በተለያየ ፋይል አስቀምጡ፦ አንዴ እንዲሁ፣ አንዴ «ኢንአክቲቭ» የሚለውን ምርጫ ጨምራችሁ። የመጀመሪያው አሁን እየሠራ ያለውን ያሳያል፣ ሁለተኛው በፋይሉ ተጽፎ ተራ የሚጠብቀውን። የሜሞሪውን መስመር አስተያዩ። የሚጻፈው በኪቢባይት ስለሆነ 8388608 ማለት 8፣ 4194304 ማለት 4 ነው። አንዱ ከሌላው ከተለየ ፋይሉን በእጁ ያረመ ሰው አለ። የአሊያስ (ሊብቨርት እየሠራ ላለ ማሽን ክፍሎች የሚያወጣቸው ስሞች) መስመሮች ልዩነት የተለመደ ነውና አያስደንግጣችሁ።

2. ሆራይዘን (የኦፕንስታክ የድረ ገጽ መቆጣጠሪያ) ላይ ማሽኑን ከፍታችሁ «አክሽን ሎግ» የሚለውን ተመልከቱ፤ በትዕዛዝ ከሆነ «ሰርቨር ኢቨንት ሊስት» ነው። ሪቡት፣ ስቶፕ፣ ስታርት፣ ሪሳይዝ (ልኩን መቀየር)፣ ሪቢልድ (ከኢሜጅ፣ ማለትም ከተዘጋጀ የዲስክ ቅጂ፣ እንደ አዲስ መሥራት)ና ማይግሬሽን (ወደ ሌላ ሆስት ማዛወር) ከነተጠቃሚው መለያና ከነሪኩዌስት ቁጥሩ ይመጣሉ። በትዕዛዝ የሚመጣው ሰዓት ዩቲሲ ነው፤ ለኢትዮጵያ 3 ሰዓት ጨምሩ። 22፡40 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7፡40 ነው። በዚህ ሰዓት ቢሮ ያልነበረ ሰው ሲወቀስ እንዳይውል አስቀድማችሁ አስሉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሶፍት ሪቡት ያዘዘ ሰው ሃርድ ሪቡት ሊያገኝ ይችላል። ኖቫ ማሽኑ በሥርዓት እስኪዘጋ የሚጠብቀው፣ ካልተቀየረ በቀር፣ 120 ሴኮንድ ነው። ትልቅ ዳታቤዝ የተሸከመ ማሽን በዚያ ጊዜ ካልዘጋ ኖቫ ወደ ሃርድ ሪቡት ይሻገራል። ስለዚህ «ሶፍት ነው ያልኩት» የሚለውን ሰው እመኑት፤ የሪኩዌስት ቁጥሩን ይዛችሁ የኖቫ ኮምፒዩት ሎግ ውስጥ ፈልጉ፣ መሻገሩ በግልጽ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

3. አክሽን ሎጉ ባዶ ከሆነ ነገሩ የተሠራው ከታች፣ ሆስቱ ላይ ነው። የሊብቨርት የሎግ ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ማሽን የተለየ ፋይል አለ፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የተነሳበት ሙሉ ትዕዛዝ እዚያ ይጻፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ትዕዛዞች ጎን ለጎን ስታደርጉ የራሙ፣ የሲፒዩው፣ የዲስኩ ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለእኔ ከሁሉም የሚታመነው ማስረጃ ይሄ ነው።

የተቀየረው የሲፒዩ ዓይነት ብቻ ከሆነ የሆስቱ የኖቫ ኮንፊግ ፋይል ታርሞ ወይም ማሽኑ ወደ ሌላ ሆስት ተዛውሮ እንደሆነ አጣሩ። የዲስኩ ስም ከቪዲኤ ወደ ኤስዲኤ ከዞረ ሪቢልድ የተደረገበትን ኢሜጅ እዩ፤ ማሽኑ እንዲነሳም ኤፍስታብ (ሊነክስ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ዲስኮች የተዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ከዲስክ ስም ይልቅ ዩዩአይዲ (የዲስኩን ቋሚ መለያ) አስገቡ። ፍሌቨሩን (ማሽኑ ሲፈጠር የተመረጠለትን የራም፣ የሲፒዩና የዲስክ ልክ) ግን አትጠርጥሩ። የፍሌቨሩ ልክ ማሽኑ ሲፈጠር ስለሚገለበጥለት በኋላ የሚደረግ ለውጥ አይደርሰውም።

4. አሁን 8ቱን በትክክለኛው በር አስገቡት። ባለ 8 ጊጋባይት ፍሌቨር መርጣችሁ ሪሳይዝ አድርጉ። ማሽኑ በዚህ መሐል ይዘጋል፤ ስለዚህ ለተጠቃሚዎች ቀድማችሁ ንገሩ። የአዲሱ ፍሌቨር ዲስክ ከነበረው ማነስ የለበትም፣ ያለዚያ አይሳካም። ያላችሁ አንድ ሆስት ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያው ሆስት ላይ ሪሳይዝ ማድረግ መጀመሪያ የተዘጋ ስለሆነ በኖቫ ኮንፊግ ካልፈቀዳችሁ ቦታ የለም የሚል ስህተት ይመጣል። ሲያልቅ ኮንፈርም ማለት አትርሱ፤ እስከዚያ ድረስ የድሮው ዲስክ ቅጂ ቦታ ይዞ ይቆያል።

በቪርሽ የተጨመረውን 4 ጊጋባይት ኦፕንስታክ አይቆጥረውም። ሆስቱ ክፍት ቦታ ያለው መስሎት ሌላ ማሽን ይጭንበታል፤ ራሙ ሲያልቅ ሊነክስ አንዱን ማሽን ይገድላል፣ ምንም ያላጠፋውን ጎረቤት ሊሆን ይችላል። በቪርሽ ማጥፋትና ማስነሳትም እንዲሁ ጣጣ አለው። ኖቫ በየ600 ሴኮንዱ የማሽኖቹን ሁኔታ ከዳታቤዙ ጋር ስለሚያስተያይ፣ ዳታቤዙ «ቆሟል» የሚለውን ማሽን በቪርሽ ብታስነሱት ቢበዛ በ10 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ያጠፋዋል።

5. ሰው በማይበዛበት ሰዓት ራሳችሁ ሃርድ ሪቡት አድርጉና ዳምፑን እንደገና አውጡ። መስመሩ 8388608 ካለ ለውጡ ዳታቤዙ ውስጥ ገብቷል።