ጸጥ ያለው የመቀመጫ ንዝረት እንዴት እንደተመለሰ

በዲሲኤስ ወርልድ የውጊያ በረራ ማስመሰያ ኤፍ-14 ቶምካት የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሳበርር፣ ከመቀመጫዬ ሥር የገጠምሁት ንዝረት ሰጪ መሣሪያ በድንገት ጸጥ አለ። ይህ መሣሪያ ለእኔ ጌጥ አይደለም፤ በጠባብ መዞሪያ ላይ ክንፉ አየሩን መያዝ ሲያቅተው የሚፈጠረውን መንቀጥቀጥ፣ ዓይኔን ከጠላት አውሮፕላን ላይ ሳላነሣ የማውቀው በእርሱ ነው።

መጀመሪያ ገመዱንና ድምፅ ማጉያውን ጠረጠርሁ። ይሁን እንጂ ከኮምፒውተሩ የ40 ኸርዝ ድምፅ በቀጥታ ስልክበት መቀመጫው በኃይል ስለተንቀጠቀጠ፣ ችግሩ ከዕቃው ሳይሆን ከሶፍትዌሩ መሆኑን ተረዳሁ።

ማስመሰያው የበረራ መረጃውን ለሌሎች ፕሮግራሞች የሚልከው በሴቭድ ጌምስ ማኅደር፣ ስክሪፕትስ በተባለው ክፍል ውስጥ በሚገኝ፣ ኤክስፖርት በተሰኘ፣ ሉዋ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ፋይል አማካይነት ነው። የንዝረቱ፣ የሬዲዮውና የሁለተኛው ስክሪን ፕሮግራሞች ሁሉም ይህንኑ አንድ ፋይል ስለሚጋሩ፣ እያንዳንዱ ከእርሱ በፊት የተመዘገበውን ተግባር (ማስመሰያው የሚጠራውን የትእዛዞች ስብስብ) ይዞ የራሱን ከሠራ በኋላ ያንንም መጥራት ይኖርበታል። በቅርቡ የጫንሁት የሁለተኛው ስክሪን ፕሮግራም ግን የቀደመውን ሳይጠራ በራሱ ተግባር ተክቶት ነበር።

የፋይሉን ቅጂ አስቀምጬ፣ የአዲሱን ፕሮግራም መስመር ከሁሉም በላይ፣ የንዝረቱንም ከእርሱ በታች አደረግሁ፤ ኋላ የሚነበበው የንዝረቱ ፕሮግራም የቀደመውን አክብሮ ይጠራልና። ማስመሰያውን ዘግቼ እንደገና ስከፍት፣ ሞተሩ ሲነሣ መቀመጫው አብሮ ተንቀጠቀጠ። ፕሮግራሞቹ ሲታደሱ መስመሮቹን ሊያዛውሩ ስለሚችሉ፣ የተስተካከለውን ፋይል ለብቻው አኑሬዋለሁ።