የድራፍት ተራ መቼ ይሸጣል? መቼ ይገዛል?

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ዝግጅት፣ ሲቃረብ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ያው ነው፦ ተራ መሸጥ ይሻላል ወይስ መግዛት? መልሴ አጭር ነው። ሽጡ። ፋንታሲ ሊግ (በእውነተኛ ተጫዋቾች የምናብ ቡድን የሚሠራበት ጨዋታ) ውስጥ ተራ የምትለዋወጡም ሆናችሁ የቡድናችሁን ውሳኔ መመዘን የምትፈልጉ፣ መነሻችሁ ቀደም ያለውን ተራ ሸጦ ወደ ታች መውረድ ይሁን። ወደ ላይ ለመውጣት ከባድ ምክንያት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ሒሳቡን ያዙ። 32 ቡድኖች በ7 ዙር ይመርጣሉ፤ ያለፈው ዓመት ውጤቱ የከፋው ቡድን ይቀድማል። ተራው ንብረት ነው፤ በሌላ ተራ፣ በተጫዋች ወይም በሚቀጥለው ዓመት ተራ ይለወጣል። ለዋጋው ብዙዎች የሚነሱት በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጂሚ ጆንሰን ዳላስ ካውቦይስን ሲያሰለጥን ቡድኑ ካዘጋጀው ሰንጠረዥ ነው። 1ኛው ተራ 3,000 ነጥብ፣ 2ኛው 2,600፣ 10ኛው 1,300፣ 32ኛው 590። አንድ ምሳሌ እንስራ። ካንሳስ ሲቲ በ2017 ፓትሪክ ማሆምስን ለመውሰድ ከ27ኛ ወደ 10ኛ ወጣ። 27ኛው 680 ነጥብ ስለሆነ 620 ይጎድላል። ጉድለቱን የሞላው በዚያው ዓመት የ3ኛ ዙርና በ2018 የ1ኛ ዙር ተራው ነው። ማንኛውንም ልውውጥ እንዲሁ ደምሩና ቀንሱ።

ሰንጠረዡ ግን ላይኛዎቹን ተራዎች ያስወድዳል። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸው፣ ቡድኖች ለቀደምት ተራዎች የሚከፍሉት ከሚያገኙት በላይ እንደሆነ አሳይተዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሰው አንድን ልጅ ወራት ሙሉ በቪዲዮ ካየው በኋላ ልቡ እሱ ላይ ይቀራል፣ ዓይኔ አይሳሳትም ይላል።

አወራረዱም ዘዴ አለው። የምትፈልጓቸውን ተጫዋቾች በደረጃ ከፋፍሏቸው። 12ኛ ተራ ይዛችሁ በእኩል ዓይን የምታዩዋቸው 6 ልጆች ካሉ፣ ወደ 17ኛ ብትወርዱ ከእናንተ በፊት የሚመረጡት 5 ብቻ ናቸውና አንዱ የግድ ይደርሳችኋል። ያገኛችሁት ተጨማሪ ተራ ትርፍ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ተራ የሚያቀርብላችሁ ካለ ደግሞ አታመንቱ። ብዙ ሰው ለዛሬ ሲቸኩል የከርሞውን በርካሽ ይሰጣል። ቺካጎ በ2023 1ኛ ተራውን ለካሮላይና ሲሸጥ 9ኛውን፣ 61ኛውን፣ ዲጄ ሙር የሚባለውን ተጫዋች፣ የ2024 1ኛ ዙርና የ2025 2ኛ ዙር ተራ ተቀበለ። ካሮላይና በዚያ ዓመት ከ17 ጨዋታ 2 ብቻ አሸነፈ። ስለዚህ የሰጠው የ2024 ተራ ራሱ 1ኛ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ቺካጎም ኬሌብ ዊሊያምስን መረጠበት። የራሳችሁን የከርሞ ተራ ስትሸጡ "ቡድኔ ቢወድቅስ?" ብላችሁ ተምኑት።

ታዲያ መቼ ይገዛል? ለኳርተርባክ፣ ማለትም ማጥቃቱን ለሚመራውና ኳሷን ለሚወረውረው ተጫዋች፣ ብቻ። ከ2011 ወዲህ የአዲስ ተጫዋች ደመወዝ ጣሪያ ስላለው፣ ጥሩ ኳርተርባክ ያገኘ ቡድን ለ4 ዓመት በርካሽ ይዞት በተረፈው ገንዘብ ሌላውን ቦታ ያጠናክራል። ይህም ሆኖ ዋስትና የለም። ሳንፍራንሲስኮ በ2021 ትሬይ ላንስን ለመውሰድ ሦስት የ1ኛ ዙር ተራና አንድ የ3ኛ ዙር ከፈለ፤ ቦታውን በመጨረሻ የያዘው በ2022 በ262ኛው፣ ማለትም በመጨረሻው ተራ የተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ነው። ስለዚህ ከሁለት በላይ የ1ኛ ዙር ተራ ከጠየቋችሁ ተነሡና ሂዱ።

ይህን የምለው ዋሽንግተን አካባቢ ስለምኖር ነው። ቡድናችን በ2012 ኳርተርባኩን ሮበርት ግሪፈንን ለማግኘት ከ6ኛ ወደ 2ኛ ሲወጣ ራምስ ለሚባለው ቡድን በድምሩ ሦስት የ1ኛ ዙርና አንድ የ2ኛ ዙር ተራ ሰጠ። ልጁ የመጀመሪያው ዓመት ድንቅ ነበር። ከዚያ በፈረንጅ ጥር 6፣ 2013 መጣ፤ የእኛ የገና ዋዜማ። ጾም ላይ ነን፣ ማታ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፣ እስከዚያ ጨዋታውን እናያለን። ኳሷ ዝቅ ብላ መጣችለት፤ ጎንበስ ብሎ ሊያነሣት ሲል ጉልበቱ ከዳው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ እንደ በፊቱ አልሆነም፤ የተሸጡት ተራዎች ግን ሌላ ቦታ ተጫዋች እየሆኑ ነበር። ታኅሣሥ 2014 ራምስ እዚሁ ሜሪላንድ ሊጫወት ሲመጣ፣ ሳንቲም ለመጣል አምበል አድርጎ ወደ መሀል ሜዳ የላካቸው 6 ተጫዋቾች በሙሉ ከዚያ ሽያጭ የተገኙ ነበሩ። ጨዋታው በራምስ አሸናፊነት 24 ለ 0 አለቀ።