የተላጠና የነከሰ ብሎን፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ባለፈው መስከረም አንድ ሃይሩፍ (ጣሪያው ከፍ ያለው የቶዮታ ሚኒባስ) ከሞጣ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣልኝ። ሥራው ዘይት መቀየር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጠዋት 3 ሰዓት የገባው መኪና ምሽት 12 ሰዓት ላይ ወጣ። ቀኑን የበላው አንድ ብሎን ነው።

ብሎን ወደ ግራ እንደሚፈታ፣ ከመታገል በፊት በሽቦ ብሩሽ መጥረግና ዘይት ማጠጣት እንደሚገባ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ምልክት፦ ቁልፉ ይንሸራተታል፣ የብሎኑ ራስ ክብ እየሆነ ነው

በጣም የሚበዛብኝ ይሄ ነው። ባለመኪናው ዝገቱን ይወቅሳል። እኔ መጀመሪያ የማየው በእጁ የያዘውን ቁልፍ ነው።

ቶዮታ ላይ ውፍረቱ 8 ሚሊ የሆነ ብሎን በ12 ቁልፍ ይፈታል። ከሱቅ የምትገዙት ተራ ብሎን ግን ያው 8 ሚሊ ሆኖ ራሱ 13 ነው። 10 ሚሊው ደግሞ ቶዮታ ላይ 14፣ የሱቁ 16 ወይም 17። ሦስት አራት እጅ ያለፈበት መኪና ላይ 12ና 13 ጎን ለጎን ታስረው ታገኛላችሁ። ሰውየው አንዱን በ13 ይፈታል፤ ቀጥሎ ያለውንም በዚያው ይሞክራል። ይገባለታል። የያዘ ይመስለዋል። ሲጫን ጭርት ይላል፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን የብረት ፍቅፋቂ ይነሳል። የኢንች ቁልፍም እንደዚያው ነው። ግማሽ ኢንች ማለት 12.7 ሚሊ ነው፤ 12 ላይ ሲሰኩት ይወዛወዛል።

ቀጥሎ ቡሶላው፣ የብሎኑን ራስ ከላይ የሚከድነው ቁልፍ። ውስጡ 12 ማዕዘን ያለው ቡሶላ ብሎኑን የሚይዘው ጠርዙ አጠገብ ስለሆነ ቶሎ ይልጣል። ለጠበቀ ብሎን 6 ማዕዘን ያለውን ብቻ ተጠቀሙ። እንግሊዝ ቁልፍ ይዞ መኪና ሥር የገባ ልጅ ካየሁማ እግሩን ይዤ ነው ጎትቼ የማወጣው።

ብሎኑ ራሱም ውሸት ሊሆን ይችላል። ደህና ብሎን ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር አለው፤ የጃፓኖቹ ላይ ደግሞ አንድ ቁጥር ታገኛላችሁ። ምንም ያልተጻፈበትን ብሎን ጭቃ መከላከያ እሰሩበት፤ ፍሬን ላይ ግን እንዳላየው። ቅቤ ነው፣ በጣት የሚላጥ።

መፍትሄው ቁልፉ መጀመሪያ ሸርተት ሲል እጅን ማንሳት ነው። አንዴ የተንሸራተተ ራስ ገና የሚያዝ ሥጋ አለው። የሚጨርሰው "እስቲ አንዴ ልድገመው" ነው። ከዚያ በቅደም ተከተል እንዲህ አደርጋለሁ። ራሱ 14 ከነበረ 13 ቁጥር ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ መትቼ አስገባለሁ። ለዚህ አሮጌ ቡሶላ አስቀምጡ፤ አዲሱን አታበላሹ። መዶሻው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቡሶላውን ያስነክሳል፣ ዝገቱንም ያነቃንቃል። ይሄ እምቢ ካለ ራሱን በሞረድ ከሁለት ጎን ጠፍጣፋ አደርግና በግሪፕ ፒንሳ (ነክሶ በሚቆልፈው) እይዘዋለሁ። አሁንም እምቢ ካለ ስካርፔሎ፣ የብረት መሮ።

ወደ ሃይሩፉ ልመለስ። ብሎኑ የዘይት ማፍሰሻው ነው፤ ራሱ 14፣ ጥርሱ 12 ሚሊ። ባለመኪናው ባለፈው ጊዜ እቤቱ ቀይሮ፣ አንድ ሜትር ቱቦ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ነው ያሰረው። "ወንድምዓለም፣ እንዳይፈስ ብዬ እኮ ነው ጠበቅ ያደረግሁት" አለኝ። ዘይቱን የሚይዘው ሥሩ ያለችው ሮንዴላ፣ ስሷ ቀለበት ናት። የዚህ ብሎን ማጥበቂያ ከ40 ኒውተን ሜትር ብዙም አይዘልም። 20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ እንደመስቀል ቁጠሩት። 60 ኪሎ ሰው ባለ አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲጫን ወደ 600 ይሆናል። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ አንድ ዘመዱ በቧንቧ ሠራተኛ ቁልፍ አኝኮታል። ሲደርሰኝ የተላጠ ሎሚ ነበር የሚመስለው።

13ቱ ቡሶላ አልያዘም። በጀርባዬ ተኝቼ በሞረድ ጠፍጣፋ አደረግሁት፤ ፒንሳው ዞሮ ወጣ። ዳዶ እንዳልበይድበት ውስጡ ዘይት አለ። ዘይት ያለበት ሳህን (የሞተሩ ዘይት መያዣ) ላይ ብየዳ አይነካም! ባዶ ቢሆንም አይነካም፤ የሚቀጣጠለው ተኑ ነው። በመጨረሻ የተሳለ ስካርፔሎ ከራሱ ሥር ያለው ሰፊ ከንፈር ላይ አቁሜ ትንሽ ቦይ ቆፈርኩ። ከዚያ ስካርፔሎውን ወደ መፍቻው አቅጣጫ ጋደም አድርጌ በትናንሽ ምት መታሁት። በኃይል አይመታም፤ ሳህኑ ላሜራ ነው፣ ይሰረጉዳል። ከሃያ ምት በኋላ ፀጉር የምታህል ተንቀሳቀሰች። ወጣ፤ ግን የሳህኑን ጥርስ ይዞ ወጣ። ሳህኑ ወረደ፣ ታጥቦ ደረቀ፣ ቶርኖ ቤት ሄደ፣ አዲስ ዳዶ ተበየደበት። ለአንዲት ሮንዴላ ስስት የተከፈለ ነው።

ምልክት፦ ራሱ ደህና ነው፣ ብሎኑ ግን ንቅንቅ አይልም

ይሄ እውነተኛው ዝገት ነው። ክረምቱን የቢቸና ዋልካ ሥሩ ላይ ተለጥፎ የከረመ መኪና፣ ወይም ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረ የማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ብሎን።

ዘይቱን ማታ አጠጡትና ተኙ። ደብሊዩ ዲ 40 (ዝገት ማላቀቂያ ርጭት) ከሌለ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ደባልቁ፤ ስለሚለያይ በየጊዜው መነቅነቅ አለበት፣ እሳት አጠገብም አይቀመጥም። ጠዋት ራሱን በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱት። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፉት፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ሲነቃነቅ ሩብ ዙር ፈትቶ ግማሹን መመለስ ነው። ዝገቱ ይፈጫል። አንዴ ፈታ አለ ብሎ አንድ ትንፋሽ ላይ የሚያዞረው ሰው ነው የብሎኑን አንገት የሚበጥሰው።

እምቢ ሲል እሳት። የሚሞቀው ዳዶው ነው፤ ቀዳዳው እንዲሰፋ። 10 ሚሊ ቀዳዳ 400 ዲግሪ ቢሞቅ የሚሰፋው 0.05 ሚሊ አይሞላም፤ ለዝገቱ ግን ይበቃዋል። ቅላቱ ሲጠፋ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ ጧፍ ጥርሱ ላይ አስነኩት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ውስጥ ሲሰርግ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ቀጭን ጭስ ያወጣና ይጠፋል። የጎጃም ሰም ነዋ! ከጣሳ ዘይት ሁሉ ይሄን እመርጣለሁ።

እሳት ስትይዙ፦ የነዳጅ ታንክና የፍሬን ጎማ ቱቦ አጠገብ አይሆንም። አሞርዛተር አይሞቅም፣ ይፈነዳል። የጎማ ዳዶ አይሞቅም፤ ጎማው ውስጥ አየር ካለ ሰው ይገድላል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ዕቃ ላይ እሳትም ብየዳም አይደረግም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ሳይቀላ ነው የሚቀልጠው፣ ንጹሁ 660 ዲግሪ ላይ፣ የቴስታታው ቅልቅል ከዚያም ቀድሞ፤ ቅላት እየጠበቃችሁ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) አታፍሱ። ብየዳ ከሆነ ባትሪውን መጀመሪያ ንቀሉ።

ምልክት፦ ይዞራል፣ ግን እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል

የፊት እግር ብሎን ነው። ብሎኑ ከጎሚኒው (በብረት ቱቦ ዙሪያ ያለ ላስቲክ) የውስጥ ብረት ጋር ነክሷል፤ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ብትዞሩት አይወጣም። በጎሚኒውና በማቀፊያው መካከል ሴጌቶ (የብረት መጋዝ) አስገብታችሁ በሁለቱም ወገን ቁረጡት። ብሎኑንም ጎሚኒውንም አዲስ ግዙ።

ምልክት፦ የአይሱዙ የግራ ጎማ ዳዶ ጭራሽ እየጠበቀ ነው

ደጀን ዳገቱ ላይ ሁለት ልጆች ሁለት ሜትር ቱቦ ላይ ተንጠልጥለው አገኘሁ። "ጋሼ፣ ይሄ ዳዶ ተበይዷል መሰለኝ" ይለኛል አንዱ፣ ላቡ ጠብ እያለ። ብዙ የጃፓን ጭነት መኪና ላይ የግራው ወገን ጎማ ጥርስ ግልብጥ ነው፤ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው። ብሎኑ አናት ላይ የላቲን "ኤል" ፊደል አለ፣ በቀኙ ጎማ ደግሞ "አር"። ልጆቹ ሲያጠብቁ ነው ያረፈዱት። ሁለት ብሎን ተቆርጦ ነበር፤ ቀሪዎቹን ወደ ቀኝ ፈታናቸው። ቱቦ ከመሰካት በፊት ጭቃውን ጠርጎ ፊደሉን ማንበብ ምን ያህል ይከብዳል?

ምልክት፦ ተቆረጠ

ብቅ ያለ ነገር ካለው ዳዶ ደርባችሁ በውስጡ በይዱት፤ ሙቀቱ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ከውስጥ ከተቆረጠ መሃሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጉ፣ በትንሽ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ጀምሩ፣ እያሰፋችሁ ሂዱ። ግራ ጥርስ ያለውን ማውጫ ብረት እኔ አልወደውም። ርካሹ ውስጥ ይሰበራል፤ ስብርባሪው ፑንታ አይበላውም፤ ከአንድ ችግር ሁለት ይሆናል።

ራሱ ላይ ያለው የአለን (6 ማዕዘን) ቀዳዳ ከተበላ፣ በትንሹ የሚበልጥ የኮከብ ቁልፍ በመዶሻ አስገቡበት።

ካንዴላ (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ከአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አይፈታም።

ስትመልሱት

የቶዮታ 10 ሚሊ ብሎን የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው፤ የሱቁ ተራ ብሎን ብዙ ጊዜ 1.5። ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል። ያኔ ቁልፍ ጨምሮ የሚገፋ ሰው ቴስታታ ገደለ። በጣት እስከ ታች ካልሄደ ልኩ አይደለም፣ መልሳችሁ አውጡት። የማርሚታ ብሎን ላይ የመዳብ ግሪስ ቀቡ። የዘይት ማፍሰሻው ሮንዴላ በየቅያሪው አዲስ ይሁን።

ሃይሩፉ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ብሎኑን በ14 ቁልፍ፣ በአንድ እጅ ፈታሁት። ቱቦው ግን አሁንም ከሾፌሩ ወንበር ሥር አለ፤ አየሁት።